ምስሉንም እዩልን፦ በአዳማ የጥርስ ራጅ ለሚያነሱና ለሚቆጣጠሩ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአዳማ ለጤና ተቋማት ፈቃድ ለምትሰጡና ለምትቆጣጠሩ
ለ፦ ለጥርስ ክሊኒክና ለምርመራ ማዕከል ባለቤቶች
ለ፦ ራጅ ለምታነሱ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ በአቀማመጥ ስህተት ስለሚበላሽ የጥርስ ራጅ

ጤና ይስጥልን።

እዚሁ አዳማ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሌላ ቦታ የተነሳ ራጅ በየቀኑ ይመጣልኛል። አንዳንዱ በፊልም ነው፣ አንዳንዱ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ አብዛኛው ግን በቴሌግራም። አንጀት የሚያርስ ምስል የሚልኩ አሉ። የማይነበበው ግን በዝቷል።

ምን ነካው ብዬ ስደውል መልሱ ይታወቃል። ወይ «ማሽኑ አርጅቷል» ነው፣ ወይ «መብራት አስቸግሮን ነው»። መብራት ማስቸገሩ እውነት ነው። እኔንም ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) መሃል ላይ ጥሎኝ ይሄዳል። ግን መብራት የታካሚን አገጭ አያዘቀዝቅም። ጉትቻ ማስወለቅም አያስረሳም። እኔ ጋ ከሚደርሰው ብልሹ ምስል አብዛኛው የተበላሸው ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ባለችው አንዲት ደቂቃ ውስጥ ነው። ያቺን ደቂቃ በአግባቡ ለመጠቀም ደግሞ አዲስ ማሽን አያስፈልግም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ለቁጥጥር ስትመጡ ፈቃዱን ታያላችሁ። ጨረር እንዳያልፍ እርሳስ የተለበጠውን በር ታያላችሁ። የባለሙያውን ማስረጃ ታገላብጣላችሁ። ልክ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1025/2009ም የጨረር መሣሪያ በፈቃድ እንዲሠራ ያዛል። እስካሁን ግን «እስቲ ትናንት ያነሳችሁትን ምስል አሳዩኝ» የሚል ተቆጣጣሪ አልገጠመኝም። እባካችሁ ምስሉንም እዩልን።

ለምን እንደምጨቀጭቅ በአንድ ልጅ ላሳይ።

አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ከወንጂ መጡ። ልጁ አሥራዎቹ ውስጥ ገና መግባቱ ነው። ሌላ ቦታ ፓኖራሚክ ራጅ (መንጋጭላውንና ጥርሱን ሁሉ በአንድ ምስል የሚያሳየውን) ተነስቶ «መንጋጭላው ጠማማ ነው፣ ሲያድግ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው አይቀርም» ተብለዋል። ምስሉን ከፈትኩት። በአንድ በኩል ያሉት መንጋጋ ጥርሶች ሰፋፊ ናቸው። በሌላ በኩል ያሉት ጠበው እርስ በርስ ተደራርበዋል። ወደ ጆሮ የሚወጣው የመንጋጭላ አጥንትም እንደዚያው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ምስሉን ብቻ ላየ ሰው ልጁ በእርግጥ ጠማማ ነው።

ከዚያ ልጁን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። አገጩ መሃል ላይ ነው። ሲነክስ የላይኛውና የታችኛው የፊት ጥርሶች መሃል ለመሃል ይገጥማሉ። አፉን ሲከፍት ወደየትም አይሄድም። ልጁ ምንም አልሆነም። ራጁ ሲነሳ አንገቱን ትንሽ ዞር አድርጎ ነበር፣ በቃ። ፓኖራሚክ ላይ ጭንቅላት ሲዞር አንዱ ወገን ወደ ጨረሩ ምንጭ ይጠጋና ይሰፋል። ሌላው ወደ ምስል መቀበያው ይጠጋና ይጠባል። ይህን ለማወቅ ሁለቱን ወገን ማነጻጸር ይበቃል። አንድ ወገን ላይ ያለው ሁሉ፣ ጥርሱም አጥንቱም፣ እኩል ከሰፋ የዞረው ጭንቅላቱ ነው ብሎ መጠርጠር ነው። እናትየው «እንቅልፍ አጥቼ ነው እኮ የከረምኩት ዶክተር» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ፓኖራሚክ ማሽን እንደ ደረት ራጅ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አያነሳም። ጭንቅላትን እየዞረ ጥርት አድርጎ የሚያነሳው የመንጋጭላን ቅስት ተከትሎ የሚሄድ አንድ ቀጠና ብቻ ነው። ከቀጠናው የወጣ ነገር ይደበዝዛል፣ ወይ ይሰፋል፣ ወይ ይጠባል። ይህ ቀጠና ከኋላ መንጋጋዎቹ ጋ ሰፊ ነው። ከፊት ግን በሚሊሜትር የሚለካ ጠባብ ነው። ለዚህ ነው የፊት ጥርስ ቶሎ የሚበላሸው። ታካሚው የሚነክሰው ፕላስቲክ ላይ ቦይ ያለውም ለዚህ ነው። የላይኛውም የታችኛውም የፊት ጥርስ ጫፍ እዚያች ቦይ ውስጥ መግባት አለበት። ከቦይዋ አልፎ ወደ ፊት ከነከሰ የፊት ጥርሶቹ ቀጥነው ይወጣሉ። ወደ ኋላ ከቀረ ይሰፋሉ። የፊት ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን ቦይዋ ስለማትሠራ የአገጭ ማሳረፊያውንና የብርሃን መስመሮቹን መከተል ነው። ብዙ ቦታ እነዚያ መስመሮች ሲበሩ አያለሁ። የሚመለከታቸው ግን ጥቂት ነው።

አገጭን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው። አገጭ በጣም ከወረደ ምስሉ ላይ ጥርሶቹ ከመጠን በላይ ፈገግ ያሉ ይመስላሉ፤ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ሥርም ያጥራል። በጣም ቀና ካለ ፈገግታው ይጠፋል፣ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የላንቃው አጥንት መጥቶ የላይኛው ጥርስ ሥር ላይ ይጋደማል። ከጆሮ ቀዳዳ እስከ ዓይን ሥር ያለው መስመር ከወለሉ ጋር እኩል ይሁን። ይኼው ነው።

የሚያናድደኝ ግን ምላስ ነው። አዎ፣ ምላስ። ምስሉ ሲነሳ ምላስ ላንቃ ላይ ተለጥፎ ካልቆየ በመሃላቸው አየር ይቀራል። አየር ጨረር አያስቆምም። ስለዚህ የላይኛው ጥርሶች ሥር ላይ ከግራ እስከ ቀኝ ጥቁር መጋረጃ ይወርዳል። እኔ ያንን ምስል ያዘዝኩት የሥሩን ጫፍ ለማየት ነበር እንበል። ጠፋ። መግል ይኑር አይኑር አላውቅም። ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ የበዛ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ከውጭ አይታይም። አገጭ ሲወርድ ባለሙያው ያያል። ምላስ ግን አፍ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ታካሚውን መውቀስ አይቻልም። «ምላስህን ላንቃህ ላይ አድርግ» ሲባል ብዙ ሰው እሺ ይልና የምላሱን ጫፍ ብቻ ያስነካል። እኔ ጋ የሚሠራው «ከረሜላ ላንቃህ ላይ እንደምትጨፈልቅ አድርግ፣ ምራቅህን ዋጥ፣ እንደዋጥክ እዚያው ያዘው» ማለት ነው። አንዴ ከማሽኑ ውጭ ማለማመድ ይጠቅማል። ሌላም ነገር አለ። ከቦሰት፣ ከሎሜ፣ ከአርሲ በኩል የሚመጡ ታካሚዎች አማርኛ ላይችሉ ይችላሉ። በአማርኛ ተጣድፎ የተነገረ መመሪያ አይገባቸውም፣ ግን ሐኪም ቤት ስለሆነ አፍረው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በአፋን ኦሮሞም የሚነግር ሰው ይኑር፤ በሁለቱም ቋንቋ ከሥዕል ጋር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለወረቀቷ ብላችሁ በጀት አትጠይቁም መቼም።

ምስሉ መሃል ላይ ነጭ ዓምድ ካያችሁ አከርካሪ ነው። ታካሚው ጎብጦ ነበር ማለት ነው። ሰው ማሽኑን ሲያይ አንገቱን ብቻ ያስረዝምና እግሩን ኋላ ይተዋል። መፍትሔው አንድ እርምጃ ወደ ማሽኑ ማስጠጋት፣ ትከሻ ማስወረድ፣ አንገት ማስተካከል ነው። «ቀጥ በል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቀጥ በል ሲባል ሰው ደረቱን ነፍቶ አገጩን ይሰቅላል።

ጌጣጌጥን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ጉትቻ ብቻ እየመሰለ ሌላው ይረሳል። በሹሩባ ውስጥ የተሸጎጠ ሽቦ፣ የሂጃብ መርፌ ቁልፍ፣ የአፍንጫ ጌጥ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ። የጉትቻ ተንኮሉ ደግሞ ራሱ ቦታ ላይ ብቻ አለመታየቱ ነው። በተቃራኒው ወገን፣ ከፍ ብሎ፣ ተለጥጦና ደብዝዞ ጥላው ይወጣል። የግራ ጆሮ ጉትቻ ቀኝ መንጋጭላ ላይ በሽታ መስሎ ቁጭ ይላል። ስለ ማተብ ደግሞ አንዳንድ ቦታ አላስፈላጊ ጭቅጭቅ እንደሚነሳ ሰምቻለሁ። ክሩ ራጅ ላይ አይታይም። መስቀሉ ብረት ከሆነና ጉሮሮ ላይ ካረፈ ግን ይታያል። ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። «በጥሱት» ማለት አያስፈልግም። ለሂጃብም እንደዚሁ፣ ጨርቁ ችግር የለበትም፤ መርፌ ቁልፏን ብቻ በሴት ባለሙያ ወይም ለብቻ በሆነ ቦታ ማስወለቅ ነው።

የእርሳስ ልብሱን ነገር በአጭሩ ልበል። ከኋላ አንገት ላይ ከፍ ብሎ ከታሰረ ምስሉ ግርጌ ላይ ነጭ ሆኖ ያርፋል። የአንገት እርሳስማ ለፓኖራሚክ ጭራሽ አይደረግም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ለጥርስ ራጅ የእርሳስ ልብስና የአንገት መከላከያ እንደ ልማድ መደረጉ እንዲቀር መክሯል፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ጨረሩን እየጋረደ ምስል ማስደገሙ ነው። ይህን ያነሳሁት ነገ ልብሱን ጣሉት ለማለት አይደለም። እኛ አገር የሚወስነው ተቆጣጣሪው ነው። እስከዚያው ግን በትክክል ይታሰር።

አሁን ወደ ትንሿ ራጅ ልምጣ፣ አፍ ውስጥ ወደምትገባው። የእኔ የዕለት እንጀራ ይህች ናት። ለሩት ካናል የምፈልገው የሥሩን ጫፍና ከጫፉ ያለፈ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አጥንት ነው። የሚመጣልኝ ብዙ ጊዜ አናቱ አምሮ፣ ሥሩ ተቆርጦ ነው። አናቱንማ በመስታወት አየዋለሁ።

ዋናው ጥፋተኛ ጣት ነው። «በጣትህ ያዘው» ይባላል። ታካሚው በአውራ ጣቱ ፊልሙን ወደ ላንቃው ይጫናል፣ ፊልሙ ይታጠፋል፣ ሥሩ ይጎብጣል። ሴንሰር (በፊልም ፈንታ የሚገባው ዲጂታል መቀበያ) ከሆነ አይታጠፍም፣ ግን ይንሸራተታል። ኮኑ (ጨረሩ የሚወጣበት ቱቦ) ደግሞ በግምት ይደገናል። ኮኑ ከሚገባው በላይ ከተጋደመ ምስሉ ላይ ጥርሱ ይረዝማል። በጣም ከተሰቀለ ያጥራል። የላይኛው የፊት ጥርስ በአማካይ 23 ሚሊሜትር ያህል ነው። ምስሉ አስረዝሞ 27 ካሳየኝና እኔም አምኜ ፋይሌን (የሥሩን ውስጥ የማጸዳበትን ቀጭን መሣሪያ) በዚያ ልክ ካስገባሁ ከሥሩ አልፌ አጥንት እወጋለሁ። እርግጥ ርዝመቱን በኤሌክትሮኒክ መለኪያም እናረጋግጣለን። ያ መለኪያ የሌለው ክሊኒክ ግን የሚያምነው ምስሉን ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሆልደር የምትባል ፕላስቲክ አለች። ፊልሙን ወይም ሴንሰሩን ከጥርሱ ጋር ትይዩ አድርጋ ትይዛለች። ቀለበቷ ኮኑ የት እንደሚገጥም ታሳያለች። እሷ ካለች የጣትም፣ የግምትም፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ የሚቀር ምስልም ነገር ይቀንሳል። በሙቀት አምክኖ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል። ባለቤቶች ሆይ፣ ሴንሰሩን በስንት ገንዘብ እንደገዛችሁት አውቃለሁ። ከሱ ጎን ስትታይ የሆልደር ዋጋ ምንም አይደለም። ግን ስንት ክሊኒክ መሳቢያ ውስጥ ካርቶኗ ሳይከፈት ተቀምጣለች! ለምን ስል «ታካሚው ያስታውከዋል» ይሉኛል። ያስታውከዋል፣ እውነት ነው፣ በተለይ ለኋለኞቹ መንጋጋዎች። መጀመሪያ ማሽኑን አስተካክሉ፣ ኮኑን አስጠጉ፣ ሆልደሯን በመጨረሻ አስገቡ። በአፍንጫው ይተንፍስ። ምላሱ ጫፍ ላይ ትንሽ ጨው ማድረግ ብዙዎችን ይረዳል። ከፊት ጥርስ ጀምሮ ወደ ኋላ መሄድም ያለማምዳል።

ሕፃን ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር በጥብቅ እለምናለሁ። ባለሙያው በገዛ ጣቱ ፊልሙን ልጁ አፍ ውስጥ ይዞ አያንሳ። ለልጁ አንድ ምስል ነው፣ ለባለሙያው ግን የየቀኑ ነገር ነው። መያዝ ግድ ከሆነ ወላጅ የእርሳስ ልብስ ለብሶ ይያዝ።

እ.ኤ.አ. በ1896፣ ሮንትገን የራጅ ጨረር ግኝቱን ይፋ ካደረገ ሳምንታት እንዳለፉ፣ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርስ ራጅ ለማንሳት 25 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ተኝቷል። የዛሬ ፓኖራሚክ ከ20 ሰከንድ አይበልጥም። ያን ያህል ጊዜ ሰው ዝም እንዲል ማድረግ የማንችለው ማሽኑ እንደሚዞርና ትከሻውን ሊነካው እንደሚችል ቀድመን ስለማንነግረው ነው። ማሽኑ ሲነሳ ይደነግጣል፣ ይዞራል፣ ምስሉ ይወላገዳል።

ጨረሩን በተመለከተ ሕዝቡን ማስፈራራት አልፈልግም። አንድ ፓኖራሚክ ባብዛኛው ከ30 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው፣ 1000ው አንድ ሚሊሲቨርት ይሆናል) አይበልጥም። ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ የምናገኘው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ስለሆነ የጥቂት ቀናት ያህል ነው ማለት ነው። መደገም ሲኖርበት ይደገም፣ ማንም አይሞትም። ግን ሊነበብ ለማይችል ምስል የተወሰደ ጨረር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለምንም ያልዋለ ነው። ከዚያ በላይ የሚከብደው ግን ገንዘቡና መንገላታቱ ነው። ከወንጂ በሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣ ሰው «ራጁ አልወጣም፣ ሂድና ድገም» ሲባል እንደገና ይከፍላል። ይህን ፍትሐዊ የሚል አለ?

ለእኛ ለሐኪሞችም የሚደርሰን አለ። ወረቀቱ ላይ «ኦፒጂ» (ፓኖራሚክ ማለት ነው) ብቻ ጽፎ የሚልክ ሐኪም ምን ሊያይ እንደፈለገ ባለሙያው በምን ይወቅ? የተቀበረ ክራንቻ ነው? የመጨረሻው መንጋጋ ነው? ስብራት ነው? አንድ መስመር ይጨመር። ደግሞ ሁሉም ነገር ራጅ አይፈልግም። እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ በውሃችን ፍሎራይድ ምክንያት የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ ነው። ለዚያ ቀለም ብቻ ብሎ ራጅ ማዘዝ ብክነት ነው። ቀለሙ ራጅ ላይ አይታይም።

ቴሌግራምን ልረሳው ነበር። ምስሉን በፎቶ ስትልኩት ይጨመቅና ዝርዝሩ ይጠፋል። በፋይል ላኩት። ፊልም ላይ የተነሳውን መስኮት ላይ ለጥፋችሁ በስልክ ስታነሱት ደግሞ ፊቱን ከጀርባው ለዩ። ከጀርባ ከተነሳ ግራው ቀኝ ይሆናል። ጤነኛ ጥርስ የሚነቀለው እንዲህ ባለ ነገር ነው። ግራና ቀኝ ምልክት ይደረግበት። የታካሚው ስም ካለበት ምስሉን ቡድን ውስጥ አትልቀቁት።

እንግዲህ የምጠይቀው እነሆ። ተቆጣጣሪዎች፣ በየጉብኝቱ ከማኅደሩ ውስጥ ሳይመረጡ ጥቂት ምስሎች አስወጥታችሁ እዩ። ለማወዳደሪያ ያህል፣ የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የጥርስ ራዲዮሎጂ መመሪያ ከ100 ምስል ቢያንስ 70ው እንከን የለሽ እንዲሆን፣ የማይነበበው ደግሞ ከ10 እንዳይበልጥ ግብ አስቀምጧል። ያንን ዛሬውኑ አምጡ አልልም። እኛ ስንት ላይ እንዳለን ለማወቅ ግን መቁጠር መጀመር አለብን። ባለቤቶች፣ የተደገመ ምስል የሚመዘገብበት አንድ ደብተር ክፈቱ፦ ቀኑ፣ የምስሉ ዓይነት፣ ለምን እንደተደገመ። ደብተሩ ለቅጣት አይዋል። ባለሙያው ደመወዙ እንደሚቆረጥ ካሰበ የተበላሸውን ደብቆ ለታካሚው ያስረክባል፣ አሁን የሚሆነውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስህተቱ የአቀማመጥ ከሆነ ደግሞ ድጋሚው በነፃ ይሁን፣ ይህም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ባለሙያዎች፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ምስሉን ከፍታችሁ እዩት። ማሽኑ ጋ ቆሞ እያለ መድገም ቀላል ነው። ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚከብደው።

እኔ በበኩሌ የታካሚ ስም የጠፋላቸው የተበላሹና የተስተካከሉ ምስሎች ጎን ለጎን አዘጋጅቻለሁ። ለማሳየት ክፍያ አልጠይቅም፤ ፕሮጀክተርና አንድ ክፍል ያለው ተቋም ይጋብዘኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመቸኛል። ማሽኑ ያለበት ክፍል ቢሆን ደግሞ ይሻላል፣ እርስ በርሳችን እየተቀመጥን እንለማመዳለን። ጉትቻ ያላችሁ አውልቃችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
አዳማ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም